ተመልሶ የመጣው ፍንጭት

አያቴ ድዷን የተነቀሰች የጎጃም ሴት ናት። በእሷ ዘመን ድዱ የጠቆረ፣ ጥርሱ የነጣ፣ በዚያ ላይ ፍንጭት ያለበት አፍ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም ነበር። ፍንጭቱን የወረስኩት ከእሷ ነው። ከላይ በሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሃል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት። በ25 ዓመቴ ገንዘቤን ከፍዬ አስዘጋሁት።

ስትሰማ ያለችኝን አልረሳውም። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ተስሎ የማያገኘውን ነው በሽቦ የምታጥሪው?»

ዛሬ ፍንጭቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። አብዛኛው ተመልሷል ማለት ነው። ብሬሱ፣ ጥርስ ላይ የሚታሰረው ማስተካከያ ሽቦ፣ ጥፋት አልነበረበትም፤ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ነገሩ የተበላሸው ከብሬሱ በኋላ ነው፣ ሪቴይነር በምትባለዋ ትንሽ ፕላስቲክ ላይ። ሰው ሲጠይቀኝ በየጊዜው ከመተረክ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን አፌ ውስጥ የሆነውን ከሐኪም ጋር ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ።

ብሬሱና «ጥቂት ጊዜ»

ብሬስ ያሰርኩት መስከረም 2011 ነው። የወለቀው ሐምሌ 2012። 22 ወር። ስለ ብሬሱ ብዙ አልልም። በየወሩ ይወጠራል፣ ሁለት ቀን ያማል፣ ሾርባ ትጠጣለህ፣ ያልፋል። ከላይ ፍንጭቱ ተዘጋ። ከታች ተደራርበው የነበሩት ተሰለፉ።

ሐምሌ 2012 ምን ጊዜ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኮሮና። ሁሉም ሰው ማስክ ለብሷል። ሁለት ዓመት ሊሞላ የጠበቅኩትን ጥርስ የሚያይልኝ ሰው ጠፋ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን በኋላ ለመጣው ጣጣ ድርሻ አለው። ሰው ሳያየው እኔም ማየት ተውኩ።

ብሬሱ በወለቀ ቀን ለላይኛው ጥርሴ በልኬ የተሠራ ግልጽ ፕላስቲክ ሰጡኝ። ከታች ደግሞ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ፣ በስድስቱ ጥርሶች ጀርባ፣ ቀጭን የተገመደ ሽቦ ለጠፉልኝ። አንዱ የሚወልቅ፣ አንዱ የማይወልቅ። ሁለቱም ሪቴይነር ናቸው። ጥርስ አያንቀሳቅሱም፤ የተንቀሳቀሰውን ባለበት ይይዛሉ።

የብሬሱን ዋጋና አከፋፈል ስንነጋገር አንድ ሰዓት ያህል ፈጅተን ነበር። ለሪቴይነሩ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ረዳቷ ማስቀመጫውን እያቀበለችኝ፣ «ስድስት ወር ቀንም ማታም፣ ከዚያ ማታ ማታ ብቻ፣ ለጥቂት ጊዜ» አለችኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀትም ጨመረችልኝ። ክሊኒኩን አልጠራም፣ ሌላም ቦታ ቢሆን ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ግን «ለጥቂት ጊዜ» የምትለዋን ያዙልኝ። እኔ በልቤ አንድ ዓመት ብዬ ገመትኩ። ማንም አላረመኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሶፍት ውስጥ

አራት ወር ጎበዝ ነበርኩ። ስበላ አወልቃለሁ፣ ጥርሴን እቦርሻለሁ፣ መልሼ አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት «ሰ» ስል ያፏጭ ነበር። ቢሮ ስልክ ሳነሳ «ሰላም» ማለት አስጠላኝ። ከዚያ ምላሴ ለመደው።

ኅዳር 2013፣ አንድ ረቡዕ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቦሌ አካባቢ በየዓይነቱ አዘዝን። ማስቀመጫውን ቢሮ ረስቼዋለሁ። ከአፌ የወጣ ነገር ሰው ፊት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አሳፈረኝ። በሶፍት ጠቅልዬ ከትሪው አጠገብ አደረግኩት። በላን፣ ሳቅን፣ እጃችንን ታጥበን ስንመለስ ትሪው ተነስቷል። ሶፍቱም አብሮ። አስተናጋጁ ምን ያድርግ? ያገለገለ ሶፍት ነው ያየው። ከጓደኛዬ ጋር ጓዳ ገብተን ቆሻሻውን በረበርን። ሽሮ የነካው፣ ምስር የነካው፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ሶፍት። የምንፈልገው ነገር ደግሞ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ለመጥፋት የተፈጠረ ዕቃ።

በማግስቱ ክሊኒክ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ከደሞዝ በኋላ አልኩ። ከዚያ ገና ደረሰ። ከገና በኋላ የወንድሜ ሠርግ፣ ጥር በሙሉ ድንኳንና ዘመድ። የካቲት ላይ ስሄድ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነበር።

መስታወት ላይ ምንም አይታየኝም። ግን የጥርስ ክር ሳስገባ ድሮ ጠበቅ ይል የነበረው ቦታ አሁን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ሐኪሟ ለካችው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር። «አዲሱ የሚይዘው የዛሬውን ጥርስሽን ነው፣ የሐምሌውን አይመልስልሽም» አለችኝ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ብሬሱ ሲወልቅ የተወሰደው የጥርሴ ጂፕስ ሞዴል እዚያው ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ ነበር። በጠፋ በማግስቱ ብሄድ ኖሮ በዚያ ሞዴል ላይ ልክ የመጀመሪያውን የመሰለ ሌላ ይሠሩልኝ ነበር፣ አፌን እንኳ ሳይነኩ። በስካን የሚሠሩትም እንዲሁ ናቸው፤ ፋይሉ ካለ ልኩ አለ። ሞዴሉን ወይም ፋይሉን ጠይቃችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። አቅም ከፈቀደ ከመጀመሪያው ሁለት አሠሩ። ማስቀመጫው ከሌለ ደግሞ በኪስ፣ በቦርሳ፣ በመነጽር ቤት፣ በፈለጋችሁት ይሁን፤ ሶፍት ግን አይሁን።

የፈላ ውሃ

ሁለተኛው ሪቴይነር ዕድሜው አጭር ነበር። ግንቦት ላይ ጉንፋን ይሁን ኮሮና ያልለየሁት ነገር ያዘኝ። ሲሻለኝ የነካሁትን ሁሉ በፈላ ውሃ አጠብኩ። ማንኪያ፣ ብርጭቆ፣ ሪቴይነር። ይህ ፕላስቲክ ግን ቅርጹን ያገኘው በሙቀት ለስልሶ ሞዴሉ ላይ ተጭኖ ነው። በሙቀት የተሠራውን ሙቀት ያፈርሰዋል። ከውሃው ሳወጣው ዓይኔ ልዩነት አላየም። ጥርሴ ግን አወቀው። በግራ በኩል አልገባ አለ። ነክሼ አስገባሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። በሁለተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን የማውቀው ይሄ ነው። ጥቂት ቀን ሳታደርጉ ቆይታችሁ ሲመለስ ጠበቅ ካለ፣ ግን እስከ መጨረሻው ከገባ፣ አድርጉት። ጥርሱ ትንሽ ሸሽቷል፣ ገና አልራቀም። ጭራሽ አልገባ ካለ አታስገድዱት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሚታጠበው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ነው። የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ሽታ ይቀራል። አፍ ውስጥ እያለ ከውሃ በቀር ምንም አይጠጣም። ማኪያቶ ሙቀቱ ያጣምመዋል፣ ቀለሙ ያጠይመዋል፣ ስኳሩ ከፕላስቲኩ ሥር ታፍኖ ጥርሱ ላይ ይቆያል።

እኔ ግን መሳቢያውን ዘጋሁ። «ለጥቂት ጊዜ» ነው የተባለው፣ ዓመት ሊሞላ ነው፣ በቃ አልኩ። ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። ፍንጭቱ ሲከፈት ያየችው አያቴ ናት። የ2015 ፋሲካ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ስስቅ አገጬን ያዘችኝ። «መጣ!» አለች፣ ከሩቅ አገር ዘመድ የገባ ይመስል። «አላልኩሽም?»

ወንበሩ ላይ

በዚያም አልሄድኩም። እግሬን ያነሳው የታችኛው ሽቦ ነው። በ2016 መጀመሪያ ምላሴ ከግራ በኩል የሚወጋ ነገር አገኘ። በዚህ ጊዜ ሌላ ኦርቶዶንቲስት፣ የጥርስ አሰላለፍ የሚያስተካክል ሐኪም፣ ዘንድ ሄድኩ፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚያስረዱ ሰው።

መጀመሪያ ከታች አዩ። ሽቦው ከግራ ክራንቻና ከጎኑ ካለው ጥርስ ለቋል። በቀሪዎቹ አራት ላይ ተጣብቋል። መቼ ለቀቀ? ቆሎ ይሁን፣ የሠርጉ አጥንት ይሁን፣ አላውቅም። የማይወልቅ ሪቴይነር ክፋቱ ይሄ ነው። አለ ብለህ ትተኛለህ። በአራቱ ጥርስ ላይ ስለያዘ ከቦታው አይነቃነቅም፣ የተለቀቁት ግን መንገድ ጀምረዋል። አንደኛው ጥርሴ ወደ ፊት ወጥቶ ትንሽ ዞሯል። በየጊዜው በጣት ጥፍር ዳብሶ፣ በትንሽ መስታወት አይቶ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ማን ነግሮኝ?

ከሽቦው ሥር ደግሞ ታርታር፣ ጥርስ ላይ የሚደነድን ቆሻሻ፣ ተከምሯል። የምራቅ ዕጢዎች የሚከፈቱት ከምላስ ሥር፣ ልክ እዚያ ጥርሶች ጀርባ ነው። በምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን እዚያ ቦታ ቶሎ ይደነድናል። እኔ ደግሞ ሽቦው ክር አያስገባም ብዬ ክር ትቻለሁ። ለካ ክሩን እንደ መርፌ ከሽቦው ሥር የምታሾልክ ትንሽ ፕላስቲክ አለች።

ከዚያ ወደ ላይ መጡ። የላይኛውን ከንፈሬን በሁለት ጣታቸው ስበው ወደ ላይ አነሱት። «መስታወቱን ያዢ፣ ተመልከች» አሉኝ። ከንፈሩ ሲሳብ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ያለው ድድ ነጭ ሆነ። ከንፈርን ከድድ ጋር የሚያያይዝ ጅማት ሁላችንም አለን። የእኔው ወፍራም ነው፣ ዝቅ ብሎም በጥርሶቹ መሃል ገብቷል። ውሃ አጠጥተው ስውጥም አዩኝ። ዝም ብዬ ስቀመጥ ምላሴ የት እንደሚያርፍም ጠየቁኝ። የፊት ጥርሶቼ ጀርባ ላይ ነው የሚያርፈው። ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው የኃይሉ ብዛት ሳይሆን የቆይታው ርዝመት ነው አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚደገፍ ምላስ ከአንድ ንክሻ ይበልጣል።

እኔ ጥፋቱን ሁሉ ዘግይቶ የበቀለው የመጨረሻው መንጋጋዬ ላይ ጥዬው ነበር። ገፋው ብዬ። ሳቁ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ ግን ጥርስ እንዳይደራረብ ተብሎ ብቻ እሱን ማስነቀል አይመከርም አሉኝ።

ለምን ይመለሳል?

ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሥሩንና አጥንቱን የሚያገናኙት ጥቃቅን ጅማቶች ናቸው፣ በአንድ ላይ የሚሠሩት ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ነው። ብሬስ ሲገፋ በሚገፋበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በተተወው በኩል አዲስ ይሠራል። ጥርሱ እንዲህ ይጓዛል። ብሬሱ የሚወልቅበት ቀን ጥርሱ ቦታው ደርሷል፣ ዙሪያው ግን አልጠነከረም። አዲስ የተተከለ የአጥር ምሰሶን አስቡ። ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አፈሩ ግን አልተረገጠም።

ሥሩን የሚይዙት ጅማቶች እንደገና ለመደራጀት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋሉ። የድዱ ጅማቶች ከ4 እስከ 6 ወር። በጥርሱ አንገት ዙሪያ ያሉት፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጡት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ። «ስድስት ወር ቀንም ማታም» የሚባለው ከዚህ ነው የመጣው። የእኔ ሪቴይነር የጠፋው በአራተኛው ወር ነው። ሥሩ ገና መያዝ ሲጀምር፣ ላስቲኩ እንደተወጠረ። ፍንጭት ደግሞ በቀላሉ ከሚመለሱት ነገሮች አንዱ ነው። ወፍራም የከንፈር ጅማት ሲጨመርበት ሦስት ወር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አስቡት።

ዓመቱ ካለፈስ? እዚህ ላይ ነው «ለጥቂት ጊዜ» የምትለዋ ቃል የምትወድቀው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባለሙያዎች ሕክምናቸውን የጨረሱ ሰዎችን ለብዙ ዓመት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ጥናት ከክራንቻ ቀጥሎ ያለው ትንሹ መንጋጋ ተነቅሎላቸው በብሬስ የተስተካከሉ 65 ሰዎችን ይመለከታል፤ ሪቴይነር ካቆሙ ቢያንስ 10 ዓመት የሆናቸው። ከሦስቱ የሁለቱ ያህል የታችኛው የፊት ጥርስ አጥጋቢ አልነበረም። በ1988 ከእነሱ 31ዱን በ20ኛው ዓመት ሲያዩ ጥሩ የሚባለው ከአሥሩ የአንዱ ብቻ ሆነ። ብሬስ ነክቶት የማያውቅ ሰውም ቢሆን ዕድሜው ሲገፋ የታች ጥርሱ ይደራረባል። ፊት እንደሚሸበሸብ ማለት ነው። እና «እስከ መቼ ላድርገው?» ሲባል የዛሬዎቹ ሐኪሞች መልስ፣ ጥርስሽ እንዲህ እንዲቆይ እስከፈለግሽ ድረስ፣ ማታ ማታ፣ የሚል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ሃውሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን፣ ከፊት ሽቦ ከላንቃ ፕላስቲክ ያለውን የሚወልቅ ሪቴይነር፣ እ.ኤ.አ. በ1919 አስተዋውቋል። የጨረስኳቸውን ታካሚዎች ተረክቦ ጥርሳቸውን የሚያቆይልኝና ኃላፊነቱን የሚወስድልኝ ሰው ቢገኝ የክፍያዬን ግማሽ በደስታ እሰጠዋለሁ ያለው እሱ ነው። ግማሹን! ለእኔ ሁለት ደቂቃ ተሰጠው።

አራት መንገድ

ኦርቶዶንቲስቱ ምርጫዬን ዘረዘሩልኝ። የላይኛውን እንደገና ብሬስ አስሮ መዝጋት፣ ከተዘጋ በኋላ የከንፈሩን ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማንሳት፣ ከዚያ ከሁለቱ ጥርሶች ጀርባ ሽቦ መለጠፍ። ጅማቱ አስቀድሞ ከተቆረጠ ጠባሳው ራሱ መዝጊያውን ሊያስቸግር ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ወይም ያንኑ በግልጽ አላይነር፣ ጥርስን ቀስ በቀስ በሚገፋ የሚወልቅ ፕላስቲክ፣ መሞከር። ወይም ሁለቱን ጥርሶች በጥርስ ቀለም ባለው ማጣበቂያ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ማስፋት፤ ፈጣን ነው፣ ግን ጥርሱ ሰፊ ይመስላል፣ በጊዜ ብዛትም ይሸረፋል፣ ቀለም ይይዛል። ወይም እንዳለ መተው።

«እንዳለ መተው ማለት ግን ምንም አለማድረግ አይደለም» አሉኝ። «ካልያዝሽው እዚህ አይቆምልሽም።»

ስለ ታችኛው አላመነታሁም። የተጣመመው ጥርስ ምላሴን ይነካል፣ ለማጽዳትም አይመችም። ታርታሩ ተጠረገ፣ ሽቦው ወለቀ፣ አራት ወር አላይነር አደረግኩ፣ አዲስ ሽቦ ተለጠፈ። ዋጋው ከአንድ ወር ደሞዜ በለጠ። የመጀመሪያው ሽቦ የለቀቀ ዕለት ብደርስ ኖሮ ማጣበቂያ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

የላይኛው ላይ ሦስት ሳምንት አሰብኩ። በ25 ዓመቴ ለምን አስዘጋሁት? እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ ቦታ አንድ ሰው በፎቶ ላይ ስለቀለደብኝ። ያ ሰው ከለቀቀ ቆይቷል። ፍንጭቱ አያስቸግረኝም፣ አያመኝም፣ ምግብ አይዝም። ሌላ ስድስት ወር ብሬስ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሽቦ፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ ሪቴይነር። ለማን ብዬ? ጓደኛዬ፣ ያቺው ጆንያውን አብራኝ የበረበረችው፣ «ሲከሽፍብሽ ነው የወደድሽው» ትለኛለች። ትንሽ እውነት አለው። ግን ያኔ ሪቴይነር ማለት ምን እንደሆነ በትክክል ቢነገረኝ ኖሮ ብሬሱን ለታችኛው ብቻ አስሬ ፍንጭቴን እተወው ነበር ብዬም አስባለሁ።

እናም ተውኩት። ለላይኛው በ2 ሚሊ ሜትሩ ልክ አዲስ ግልጽ ሪቴይነር አሠራሁ፣ በዚሁ እንዲቆም። «ጥርስ እንዳይከፈት ነው ሰው የሚመጣው» አሉ ሰውየው ሞዴሉን እያገላበጡ፣ «ፍንጭት እንዳይሰፋ ብሎ የመጣ አላስታውስም።» ሁለት አሠሩልኝ። ሞዴሉንም በካርቶን ጠቅልለው ሰጡኝ፤ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል፣ እንግዳ ይደነግጣል።

ባለፈው ክረምት አያቴ ዘንድ ሁለት ሳምንት አደርኩ። ማታ ፊቴን ታጥቤ ሪቴይነሬን ሳደርግ ከመደቡ ላይ ሆና ታየኛለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ልትዘጊው ነው?»

«አይ፣ ፍንጭቱ እንዳይሄድ የሚጠብቅ ነው።»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን እየሳበች ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ዘበኛ ቀጠርኩለት አትዪም ታዲያ።»